ገዳዩን ሳይናገሩ አንድ ሰዓት ማውራት

(ለመጽሐፍ መደብር ሠራተኞችና ለጀማሪ ደራስያን ያደረግሁት ንግግር ነው። ድግግሞሹን ቀንሻለሁ፣ አነጋገሩን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። መግቢያ አላበዛም።

የወንጀል ወይም የልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ደራሲ መደብራችሁ ሲመጣ አንድ ጣጣ ይዞ ነው የሚመጣው። ገጣሚ ቢመጣ ግጥሙን ያነባል፣ ይጨበጨብለታል፣ አለቀ። የታሪክ ጸሐፊ ቢመጣ ያገኘውን ሁሉ ዘርግፎ ይነግራችኋል፤ ዘርዝሮ ባወራ ቁጥር መጽሐፉ ይበልጥ ይሸጣል። የኛ ሰው ግን ስለ መጽሐፉ አንድ ሰዓት እንዲያወራ ተጠርቶ ዋናውን ነገር መናገር አይችልም። ማን ገደለ? አይነገርም። ለምን? እሱም አይነገርም። አንዳንዴ ማን እንደሞተ እንኳ አይነገርም፣ ምክንያቱም ሟቹ የሚታወቀው መጽሐፉ ከተጋመሰ በኋላ ነው።

የኔ ነጥብ ይሄ ነው፦ በዚህ ዓይነት የፊርማ ዝግጅት ላይ የመደብሩ ትልቁ ሥራ ምስጢር መጠበቅ ነው። ወንበሩ፣ ማይኩ፣ ሰልፉ፣ ሁሉም ለዚህ እንዲመች ሆኖ መዘጋጀት አለበት። ብዙ መደብር ግን ወንበሩን ይደረድራል፣ ማይኩን ይፈትሻል፣ ከዚያ «መቼም ደራሲው የሚለውን ያውቃል» ብሎ ይተወዋል። ደራሲውማ ያውቃል። የማያውቀው ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠው አንባቢ ነው።

አንባቢን «ምስጢር ጠብቅ» ማለት ቅር ያሰኘዋል ብለው የሚፈሩ አሉ። አያሰኘውም። የእንግሊዛዊቷ የወንጀል ደራሲ የአጋታ ክሪስቲ «ዘ ማውስትራፕ» የሚባለው ቴአትር ለንደን ውስጥ መታየት የጀመረው በ1952 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ኮሮና ካቋረጠው ጊዜ በቀር እስከ ዛሬ ይታያል። ትርኢቱ ሲያልቅ ተመልካቹ ገዳዩን ለሌላ ሰው እንዳይናገር አደራ ይባላል። ሰውም ሆድ ይፍጀው ብሎ ይወጣል። መልሱን ስልኩ ላይ በአንድ ደቂቃ ፈልጎ ማግኘት እንደሚችል ማንም ያውቃል፣ ግን ትኬት ቆርጦ የሚገባው ሰው ሳያውቅ መግባት ነው የሚፈልገው። ስለዚህ እናንተም አደራ በሉ። ገና ከመጀመሪያው፣ በማይክ፣ ሳትሽኮረመሙ። «እዚህ ያላችሁ ግማሾቻችሁ መጽሐፉን አላነበባችሁም፤ ያነበባችሁ እባካችሁ አደራ።» ሁለት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። ያነበበው ሰው እንዲያውም ደስ ይለዋል፣ ከደራሲው ጋር የተማማለ ያህል ይሰማዋል።

እግረ መንገዴን፣ ይህ ዘውግ የራሱ መደብር ያለው ዘውግ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ዲሊስ ዊን የምትባል ሴት በ1972 «መርደር ኢንክ» የተባለ የወንጀል መጻሕፍት መደብር ከፈተች። እዚያው ከተማ ኦቶ ፔንዝለር «ሚስቲሪየስ ቡክሾፕ»ን በ1979 ከፈተ፤ ቀኑ ፈረንጆች ገደ ቢስ የሚሉት ዓርብ 13 ነበር፣ ለእንዲህ ያለ መደብር ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ሂዩስተን ውስጥ «መርደር ባይ ዘ ቡክ» በ1980፣ አሪዞና ስኮትስዴል ውስጥ ደግሞ የባርባራ ፒተርስ «ፖይዝንድ ፔን» በ1989 ተከተሉ። ሁለቱም ዛሬ በፊርማ ዝግጅቶቻቸው የታወቁ ናቸው። ሁሉም ግን አልዘለቀም። ለንደን ውስጥ በ1988 የተከፈተው «መርደር ዋን» በ2009 መደብሩን ዘግቷል፣ «መርደር ኢንክ»ም ዛሬ የለም።

ለምን ግጥም ብቻ ወይም ታሪክ ብቻ የሚሸጥ መደብር እንደዚህ አልበዛም? በኔ ግምት ምክንያቱ አንባቢው ነው። የወንጀል አንባቢ አንድ መጽሐፍ ወዶ አይቀመጥም። ያንኑ መርማሪ ይዞ አሥር መጽሐፍ ይሄዳል፣ ሲጨርስ «ሌላ እንደሱ ያለ አለ?» ብሎ ይመጣል፣ ያኔ ባንኮኒው ጀርባ ያለው ሰው አንብቦ ከሆነ፣ የሰውየውንም ጠባይ ካወቀ፣ ደም የበዛበት እንደማይወድ፣ ውሻ የሚሞትበት መጽሐፍ እንደማይጨርስ ካስታወሰ፣ ያ ደንበኛ የትም አይሄድም። አነስተኛ መደብር ትልቁን የሚበልጠው እዚህ ላይ ብቻ ነው። በዋጋ አይበልጥም፣ በቦታም አይበልጥም።

የፊርማ ዝግጅቱም የሚጀምረው ከዚሁ ንባብ ነው። አሳታሚ መጽሐፉ ከመውጣቱ ከወራት በፊት ለመደብሮች ቅጂ ይልካል። የሚያወያየው ሰው ያንን ቅጂ እስከ መጨረሻው ገጽ ማንበብ አለበት። የሽፋኑን ጀርባ አንብቦ የሚያወያይ አወያይ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ያሳዝናል። በሌላ ዘውግ ቢያሳፍር ነው፤ እዚህ ግን ዝግጅቱን ሊገድለው ይችላል፣ ምክንያቱም የማያውቀውን ምስጢር ሊጠብቅ አይችልም። «ባልየው በጣም ደስ የሚል ሰው ነው፣ ስለሱ ይንገሩን» ይላል። ባልየው ገዳዩ ነው። ደራሲዋ ፊቷን የት ታድርገው?

ዝግጅቱ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው መጋዘኑ ውስጥ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጠው የሚነጋገሩትን ነገር ብታዩ ደስ ይላችኋል። አወያዩ እስክሪብቶ ይዟል። «እስከ ስንት ገጽ ላውራ?» ይላል። ደራሲዋ ትንሽ አስባ «እስከ ስልሳ» ትላለች። «እህትየውን ላንሳት?» «አንሳት፣ ግን ሥራዋን አትናገር።» «መኪናው?» «መኪናውን ተወው።» አወያዩ ትንሽ ወረቀት ላይ «ሥራ፣ መኪና፣ ከ60 በኋላ» ብሎ ይጽፍና ከስሩ ያሰምርበታል። ይቺ ወረቀት ከፖስተሩም ከማይኩም ትበልጣለች።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ነው። «መጨረሻው ፈጽሞ ያልጠበቃችሁት ነው!» ማለትም ስፖይል ማድረግ፣ ምስጢሩን አስቀድሞ ማውጣት ነው። አወያዩ ለማሻሻጥ ብሎ ነው የሚለው፣ ክፋት የለውም። ግን እንደዚያ የተባለ አንባቢ ቤቱ ገብቶ መጽሐፉን ሲከፍት ከገጽ አንድ ጀምሮ ሁሉንም መጠርጠር ይጀምራል። ፖስታ አመላላሹን ይጠረጥራል። ድመቷን ይጠረጥራል። ደራሲዋ ሁለት ዓመት ለፍታ ያዘናጋችውን ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር አነቃችሁት ማለት ነው።

ታዲያ ስለምን ይወራ? ብዙ ነገር አለ። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ስትጠይቅ ምን እንዳሏት። የአስከሬን ምርመራ የሚሠራ ሐኪም የትኛውን ነገር ፊልሞች ሁሌ ያበላሹታል እንዳለ። ገዳዩን ከመጀመሪያው አውቃ ጻፈች ወይስ እሷም እየጻፈች ነው የደረሰችበት? ይሄኛው ጥያቄ ሁሌም ይሠራል፣ ምክንያቱም ደራስያን በዚህ ጉዳይ ሁለት ጎራ ናቸው፤ አንዱ ወገን ንድፉን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ነው የሚጀምረው፣ ሌላው ወገን ገዳዩን ካወቅሁትማ አንባቢም ያውቅብኛል ባይ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ፍንጭ እንዴት እንደሚደበቅ ደራሲው ሲያሳይ ነው፣ ከአዲሱ መጽሐፍ ሳይሆን እዚያው ፈጥሮ። ለምሳሌ ሟቹ ኪስ ውስጥ የተገኘውን ልንገራችሁ፦ ቁልፍ፣ መሀረብ፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ መነጽር። ዓይናችሁ የት አረፈ? መነጽሩ ላይ። የተሰነጠቀ ነገር ዓይን ይስባል፣ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ደግሞ ጨመረበት። ፍንጩ ግን ትኬቱ ነው። ሟቹ መኪና ነበረው፣ ያን ቀን ለምን አውቶቡስ ተሳፈረ? ዝርዝር መካከል የገባ ነገር ይረሳል፤ ወዲያው ከኋላው በር ከተንኳኳ ወይም ሰው ከጮኸ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ደራሲ ይህን አምስት ደቂቃ ሲያስረዳ ሰው ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፤ ከዚያ መጽሐፉን የሚገዛው ፍንጩን እይዘዋለሁ ብሎ ነው። አይዘውም።

ጮክ ተብሎ የሚነበበው ክፍል አምስት፣ ቢበዛ ሰባት ደቂቃ ይሁን። ሁለት ሰው የሚነጋገሩበት ቢሆን ይመረጣል። የግድያው ትዕይንት አይሁን፤ ደም በማይክ ሲነበብ ከማስፈራት ይልቅ ያስቃል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ወደ ጥያቄና መልስ ስንመጣ ነው ጉድ የሚፈላው። በጣም አደገኛው ሰው ክፉ ሰው አይደለም። መጽሐፉ የወጣ ዕለት ገዝቶ፣ ሳይተኛ አድሮ ጨርሶ የመጣው ሰው ነው። የመደብራችሁ ምርጥ ደንበኛ እሱ ነው። እጁን ያወጣል። ዓይኑ ያበራል። «ወንድምየው ከሞተ በኋላ…» ብሎ ይጀምራል። በቃ! ወንድምየው መሞቱን አርባ ሰው ሰማ። አወያይ እዚህ ላይ ይሉኝታ ካለው አይሆንም፣ ማቋረጥ አለበት፣ ግን በፈገግታ፦ «ይቺን ጥያቄ ለፊርማ ስትደርስ ብቻህን ጠይቃት፣ መልሱም ያንተ ብቻ ይሆናል።» ሰውየው አይከፋም፣ እንዲያውም ስጦታ ያገኘ ይመስለዋል። ጥያቄ በወረቀት እየሰበሰቡ የሚያነቡ መደብሮች አሉ። መጽሐፉ ከባድ ምስጢር ካለው ጥሩ ነው። እንደ ልማድ ግን አልወደውም፣ ሰው በገዛ ድምፁ ሲጠይቅ የሚኖረው ሙቀት ይጠፋል።

ተከታታይ መጽሐፍ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። ደራሲው ዘጠነኛውን ሊፈርም መጥቷል። አዳራሹ ውስጥ ዘጠኙንም ያነበበ አለ፣ ሁለተኛው ላይ ያለ አለ፣ ባሏን አጅባ የመጣች ምንም ያላነበበች አለች። «የመርማሪውን ጓደኛ አራተኛው ላይ ለምን ገደልከው?» የሚል ጥያቄ ከተነሳ የሁለተኛው መጽሐፍ አንባቢ አለቀለት፣ ሦስት መጽሐፍ ሙሉ ያንን ሰውዬ ሲሞት እየጠበቀ ሊያነብ ነው። የምመክረው መስፈርት ቀላል ነው፦ የአዲሱ መጽሐፍ ጀርባ ላይ የተጻፈው ሁሉ ይነገራል፣ ከዚያ ያለፈው አይነገርም። ፍጹም መስፈርት አይደለም፣ አንዳንዱ አሳታሚ ጀርባው ላይ ያለፈውን መጽሐፍ ራሱ አፍረጥርጦ ይጽፈዋል። ግን ቢያንስ ሁሉም ሰው የሚያየው ድንበር ነው።

ትእዛዝ ስትሰጡ ደግሞ አዲሱን ብቻ አትዘዙ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ በብዛት አስመጡ፣ ከአዲሱ ጎን ቁልል አድርጋችሁ አስቀምጡት። ያቺ ባሏን አጅባ የመጣችው ሴት ዘጠነኛውን አትገዛም። አንደኛውን ግን ትገዛለች፣ ከወደደችው ደግሞ ስምንት መጽሐፍ ሊቀራት ነው። ሒሳቡን ለናንተ ትቻለሁ።

አሁን ጠረጴዛው። ደራሲው ተቀምጧል፣ ሰልፍ አለ። የመደብሩ ሰው ከጎኑ ቆሞ መጽሐፉን ውስጠኛው የርዕስ ገጽ ላይ እየገለጠ ያቀብላል፤ ብዙ ደራሲ የሚፈርመው እዚያ ገጽ ላይ ነው፣ አንዳንዱ የታተመውን ስሙን ሰርዞ ከሥሩ በእጁ ይጽፋል። ሰልፉ ላይ ሌላ ሠራተኛ እየዞረ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ይሰጣል፣ ሰው ስሙን እንዲጽፍ። ይህን አትዝለሉ። በፊደላችን ኃይሉ የሚባል ሰው ስሙን በየትኛው «ሀ» እንደሚጽፍ ማን ያውቃል? ፀሐይስ በየትኛው «ፀ»? ደራሲው እየገመተ ከጻፈ፣ ስሙ የተሳሳተበት ሰው ዕድሜ ልኩን ያንን ገጽ ባየ ቁጥር ቅር ይለዋል፣ መጽሐፉ ደግሞ ተበላሽቷል፣ ለሌላ ሰው አይሸጥም። እስክሪብቶው ቀለሙ ቶሎ የሚደርቅ ይሁን፤ ማርከር ስስ ወረቀት ላይ ከጀርባው ይወጣል።

እና ሰልፉ ከጠረጴዛው ሦስት አራት እርምጃ ርቆ ይቁም። ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ያ ሳይተኛ አድሮ የጨረሰው ሰውዬ ጥያቄውን አሁን ነው የሚጠይቀው፣ ደራሲዋም ደስ ብሏት በዝርዝር ነው የምትመልስለት። ከኋላው የቆመችው ልጅ ግን መጽሐፉን ገና አሁን ነው የገዛችው፣ ደረሰኙ እጇ ላይ ነው።

ሰብሳቢዎችም ይመጣሉ። ታውቋቸዋላችሁ፣ ቦርሳቸው ከባድ ነው። ስም አይፈልጉም፣ ፊርማ ብቻ። የመጀመሪያ ኅትመት መሆኑን ለማየት የመብት ገጹን ይገልጣሉ፤ ብዙ አሳታሚዎች እዚያ ከታች የቁጥር ረድፍ ያትማሉ፣ 1 ቁጥር ካለች የመጀመሪያው ኅትመት ነው። አንዳንድ ደራሲና አንዳንድ ሠራተኛ ሊሸጡት ነው ብሎ ያኮርፍባቸዋል። እኔ አላኮርፍም። መጽሐፍን እንደ ዕቃም ቢሆን የሚወድ ሰው ይሻለኛል። ግን አንድ ጊዜ ሦስት መጽሐፍ ብቻ፣ ከዚያ ወደ ሰልፉ ጭራ። ይህንን ደንብ በራፉ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ፣ አፍ ለአፍ ጭቅጭቅ ነው።

ሰው ባይመጣስ? ይሆናል። በጣም የታወቀ ደራሲ ሁለት ሰው ፊት ሲቀመጥ ይታያል፣ አንዷ ዝናብ ያስገባት ልትሆን ትችላለች። ያኔ ማይኩን አጥፉት፣ መድረኩን ተዉት፣ ወንበሩን ክብ አድርጉና አውሩ። ባዶ ወንበር ደራሲ ያሳፍራል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያውም ጥቂት ደርድራችሁ ሰው ሲመጣ መጨመር ነው። ሰው ወንበር ሲጨመር ካየ ዝግጅቱ ሞላ ይላል፤ ግማሹ ባዶ የሆነ አዳራሽ ሲያይ ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ ይመለሳል።

በዚህ ዘውግ ደራሲው ራሱ ምስጢር የሚሆንበት ጊዜም አለ። ካርመን ሞላ የምትባል የስፔን የወንጀል ደራሲ ነበረች። የሦስት ልጆች እናትና የዩኒቨርሲቲ መምህር ናት ተብሎ ነበር የተነገረው፣ በአካል ያያት አንባቢ ግን አልነበረም። በ2021 አንድ ሚሊዮን ዩሮ የሚያስገኘውን የፕላኔታ ሽልማት ስታሸንፍ መድረኩ ላይ የወጡት ሦስት ወንዶች ሆኑ፤ ሦስቱም የፊልምና የቴሌቪዥን ድርሰት ጸሐፊዎች። ከአንባቢውም ከመጽሐፍ ሻጩም የሳቀ አለ፣ የተናደደም አለ፤ የሴት ደራስያንን መጻሕፍት የሚሸጥ አንድ የማድሪድ መደብር መጻሕፍቱን ከመደርደሪያ አውርዷል። በ2013 ደግሞ ሮበርት ጋልብሬይዝ የተባለ አዲስ የወንጀል ደራሲ ብቅ አለ፣ የቀድሞ ወታደራዊ ፖሊስ ነው ተባለ፣ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ የ«ሃሪ ፖተር» ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ መሆኗ ወጣ። መደብር እንዲህ ያለውን ደራሲ ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጥ አይችልም። የብዕር ስም ያለው ደራሲ ተፈርሞ የመጣ ቅጂ ቢልክላችሁ ሽጡ፣ ግን ማን እንደሆነ እናውቃለን ብላችሁ ፍንጭ አትስጡ፤ ቀልድ ስትመስል ነው የምትወጣው።

በአካል ሳይመጡ መፈረም ከተነሳ ካናዳዊቷ ደራሲ ማርጋሬት አትዉድ በ2006 «ሎንግፔን» የሚባል ነገር አስተዋውቃ ነበር፤ ደራሲው ባለበት ሆኖ ሲፈርም ባሕር ማዶ ያለ ማሽን ያንኑ ፊርማ መጽሐፉ ላይ የሚጽፍ። ብልሃቱ ይደንቃል። መደብሮች ግን ዛሬም የሚመርጡት አሳታሚው የላከውን የተፈረመ ወረቀት መለጠፍ ነው፣ ርካሽ ነዋ።

የመጨረሻው ጉዳይ የተረፈው ቁልል ነው። ሰልፉ ካለቀ በኋላ ደራሲውን ሳትሸኙ የቀረውን አስፈርሙት። ስም የለም፣ ፊርማ ብቻ። ሁሉንም ግን አታስፈርሙ። ያልተሸጠ መጽሐፍን ለአሳታሚ መመለስ በሚቻልበት ቦታ እንኳ የተፈረመውን አልቀበልም የሚል ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ ውሉን አስቀድማችሁ አንብቡ፣ በሚቀጥለው ወር እንሸጣለን የምትሉትን ያህል ብቻ አስፈርሙ። ሊመጡ ፈልገው ላልቻሉ ደንበኞች በማግስቱ ደውሉ፣ በጣም የሚሸጠው ያን ጊዜ ነው። የቀረው ላይ «በደራሲው የተፈረመ» የሚል ስቲከር ለጥፉና መግቢያው ላይ ደርድሩት። ስቲከሩ በቀላሉ የሚላጥ ይሁን፤ ሲነሳ ሽፋኑን ይዞ የሚመጣ ስቲከር ከገጠመው ያ ቦርሳው የከበደ ሰውዬ ሁለተኛ አይመጣም።